አልዓዛር በአሮጌ ላፕቶፕ

ላፕቶፔ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ ኢንቴል በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ራሙ 4 ጊጋ። ቻርጀሩ ሲነቀል ሩብ ሰዓት ከቆየልኝ ቀኑ ቀንቶኛል ማለት ነው። የኤም ቁልፍ በጥፍር ካልተጫኗት አትሰማም።

በዚህ ማሽን ነው ፍኖተ ሰላም ላለው ለአጎቴ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ልሠራ የተነሣሁት። ጋሼ እህል ይነግዳሉ፤ ዘይትና ሳሙናም ጨምረዋል። የሱቁ ኮምፒውተር ከእኔም ይብሳል፤ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7፣ ራሙ 2 ጊጋ፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለውም።

ድረ ገጽ መሥራት ስለምችል መጀመሪያ ዓይኔን የጣልኩት በድረ ገጽ ቋንቋ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚያሠራው ኤሌክትሮን ላይ ነበር። ግን ኤሌክትሮን ለአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ክሮሚየም የሚባለውን የድረ ገጽ ማሰሻ ሙሉውን ነው የሚያሸክማት። አዲሶቹ ስሪቶቹ ደግሞ ዊንዶውስ 7ን ትተውታል። ተውኩት። ላዛረስ የሚባለውን የፕሮግራም መሥሪያ ጫንኩ።

ላዛረስ እኛ አልዓዛር የምንለው ነው፣ ከመቃብር የተነሣው። ሥራው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ከእሱ በፊት የሞተ ሜጊዶ የሚባል ፕሮጀክት ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። ነፃ ነው። ቋንቋው ፓስካል ነው። ዴልፋይ የሚባለውን ሌላ የፓስካል መሥሪያ የሚያውቅ ሰው ቤቱ የገባ ያህል ነው የሚሰማው፤ ቁልፉን ፎርሙ (የፕሮግራሙ መስኮት) ላይ ታስቀምጣለህ፣ ሁለቴ ትጫናለህ፣ ኮድህን ትጽፋለህ።

ፍጥነቱ አስደስቶኛል። ኤፍ 9ን ስጫን አንድ ጉንጭ ውኃ ሳልውጥ ፕሮግራሙ ይከፈታል። የሚወጣው ፋይል ማሽኑ በቀጥታ የሚያነበው ስለሆነ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ነገር መጫን የለብህም። ከሱ ጋር የኮፒኩት መዝገቡን የሚይዝልኝን ዳታቤዝ፣ የኤስኪውላይትን ዲኤልኤል (አጋዥ ፋይል) ብቻ ነው። እሱም አንድ ቀን አባክኖብኛል፤ ባለ 64 ቢቱን ወስጄ ኖሯል። ፕሮግራምህ 32 ከሆነ እሱም 32 ይሁን።

በፋይሉ መጠን ግን አትደንግጡ። ባዶ ፎርም ከ20 ሜጋ በላይ ሲሆንብኝ ምን አጠፋሁ ብዬ ነበር። የስህተት መፈለጊያው መረጃ ነው አብሮ የተቋጠረው። ፕሮጀክቱን ወደ ሪሊዝ (ለተጠቃሚ ወደሚሰጠው ዓይነት) ስትቀይሩት ጥቂት ሜጋ ብቻ ይቀራል።

ያስመረረኝ ፊደላችን ነው። ደንበኞችን በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ልመድብ ብዬ ኮፒ በሚለው ትእዛዝ አንድ ፊደል ስቆርጥ የጥያቄ ምልክት ይመጣል። ለካ ላዛረስ ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ነው የሚይዘው፤ እኔ የፊደሉን ሲሶ ነበር የምቆርጠው። «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ብትሉት 9 ይላችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዩቲኤፍ8ኮፒ እና ዩቲኤፍ8ሌንግዝ የሚባሉትን መጠቀም። ግን እስክታውቁት ድረስ ፀጉር ያስነጫል።

ቀኑ ይባስ። አብሮት የሚመጣው የቀን መምረጫ የፈረንጆቹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት የሚመረጡባቸው ሦስት ሳጥኖች ደረደርኩ። ወሩን 13 አደረግሁ፣ ለጳጉሜን 5 ቀን ሰጠሁ፣ ጨረስኩ አልኩ። ከጋሼ አሮጌ ደብተር እያየን ስናስገባ አንዱ ዱቤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ላይ ነው። ፕሮግራሙ እምቢ አለ።

«ይህ ቀን የለም ይላል፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ ዘመኑ ሉቃስ አልነበረም እንዴ?»

ጋሼ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ቆጥረዋል። እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው በሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ላይ ጻፉልኝ፤ 5500 ሲደመር 2015፣ 7515። ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። በሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። እኔ የመስመር ስህተት ስፈልግ አምሽቼ ነበር፤ እሳቸው ባሕረ ሐሳብ አሉና በአንዲት መስመር ጨረሱት። 5500 ለ4 ስለሚካፈል ኮዱ ውስጥ ዓመቱን ብቻ ለ4 ማካፈል በቂ ነው። ቀጣዩ 2019 ነው።

ሌሎች የሚያናድዱ ነገሮችም አሉ። መስኮቶቹ ስክሪኑ ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ነው የሚሆኑት። አንድ ላይ የሚሰበስባቸው አንከር ዶኪንግ የሚባል ተጨማሪ አለ፤ እኔ በጫንኩት ስሪት ግን እሱን ለመጫን ላዛረስ ራሱን እንደ አዲስ ይገነባል፤ በእኔ ማሽን ቡና ይፈላል። ሌላው፣ ዳታቤዝ ላይ ስትጽፉ ኮሚት (የጻፍኩትን አጽድቅ) ማለትን አትርሱ። ረስቼ የግማሽ ቀን ጽሑፍ ፕሮግራሙን ስዘጋው አብሮ ሄዷል። መብራት ሲሄድ ግን እስካሁን ኮሚት ያደረግሁት አልጠፋብኝም፤ ይሄ የኤስኪውላይት ውለታ ነው።

መልኩ ያረጀ ነው፣ አልዋሽም። ቁልፎቹ ሁሉ የዱሮ ዊንዶውስ ናቸው። አንጸባራቂ ነገር የሚፈልግ ደንበኛ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ስልክ ላይ የሚሠራ ለሚፈልግም አልመክርም። አሮጌ ማሽን ይዞ ለሌላ አሮጌ ማሽን ለሚሠራ ግን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለቀን መምረጫው ነው።

ባለ 32 ቢቱ መጫኛ ፍላሽ ላይ አለኝ። ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ኢንተርኔት ከምትጠብቁ ጎራ በሉና ኮፒ አድርጉ፤ ፍላሻችሁን ብቻ ከቫይረስ አጽዱልኝ።