ለማይክሮፕሮብ ናሙና የሚያዘጋጅላችሁ ከፈለጋችሁ

የጣርማበርን ባዛልት ቆርጦ፣ ፈጭቶ፣ ወልውሎ ለኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ (ድንጋይ ከምን ከምን ንጥረ ነገር እንደተሠራ በኤሌክትሮን ጨረር ለሚለካው ማሽን) ላበቃልን የደብረ ብርሃን ወንድማችን እጁ ይባረክ! ስሙ እዚህ እንዲወጣ አልፈለገም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንጠቁማለን።

ማሽኑ ያለው ውጭ አገር ነው፣ የሚከፈለውም በሰዓት። በ15 ኪሎቮልት የሚተኮሰው ጨረር ድንጋዩ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ብቻ ነው። የሚወጣው ኤክስሬይ ደግሞ በ40 ዲግሪ ግድም ስለሚለካ፣ ጭረት ወይም ጉብታ ካለ መንገድ ላይ ይዋጣል፤ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ቀድመው ይጎድላሉ።

ይሄ ልጅ ነገሩ ገብቶታል። ከብርጭቆ ወረቀት በኋላ በአልማዝ ፓስታ 6፣ 3፣ 1 እያለ እስከ ሩብ ማይክሮን ይወርዳል። በየመሃሉ በአልትራሳውንድ ያጥበዋል፤ አንዲት የ6 ማይክሮን ቅንጣት ካመለጠች የሚቀጥለውን ጨርቅ ታበላሻለች። በአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት) አይጨርስም፤ ስንጥቅ ውስጥ የተሸጎጠ አሉሚና ውጤቱ ላይ አሉሚኒየም ሆኖ ብቅ ይላላ። ድንጋዩን የሚይዘው የኢፖክሲ ሙጫ በደንብ ሳይደርቅም አይነካውም፣ አለዚያ ማሽኑ ቫኪዩም (አየር አልባ ክፍል) ውስጥ ጋዝ ይተፋል። ደግሞ መስታወት አይከድንበትም! ክዳን ያለው ቲን ሴክሽን (መስታወት ላይ የተለጠፈ ስስ የድንጋይ ቁራጭ) ከላካችሁ የምታስለኩት ድንጋዩን ሳይሆን የክዳኑን መስታወት ነው።

ናሙናው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የሚለበሰውን የካርበን ሽፋን ለላብራቶሪው ይተወዋል። ልክ ነው፤ 20 ናኖሜትር ገደማ የሆነው ሽፋን ከስታንዳርዶቹ (ይዘታቸው ከታወቀ ማነጻጸሪያ ናሙናዎች) ጋር እኩል ካልወፈረ ቁጥሩ ይዛባል።

ከሁሉ የወደድነው ግን ካርታውን ነው። የሴክሽኑን ፎቶ በትልቁ አትሞ፣ የሚለኩትን ኦሊቪኖች (ባዛልቱ ውስጥ ያሉ የማዕድን ቅንጣቶች) በቀይ እስክሪብቶ ይከብባቸዋል፤ ጠርዛቸው ቡናማ የሆኑትን ይዘላል፣ የተበላሸ ኦሊቪን ውሃ ስለሚይዝ የተለኩት ንጥረ ነገሮች ድምር ከ100 በመቶ በግልጽ ይጎድላል። የናሙናውንም ቁጥር ከመስታወቱ ጀርባ በአልማዝ ጫፍ ይጭረዋል፤ ማርከር በአልኮል ይለቃል።

ፈጣን አይደለም፣ ቀድማችሁ ያዙት።

የመዘዞ ኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ለምታመጡ፦ ኦፓል ውስጡ ውሃ አለ፣ ማሽኑ ደግሞ ሃይድሮጅንን አያይም፤ ድምሩ ከ100 ቢያንስ የልጁ ጥፋት አይደለም። ቫኪዩም ውስጥ ሊሰነጠቅም ስለሚችል ሁለት ቁራጭ ስጡት።