የአባባን ቮልስ ወዟን ለመለሰላት ባለሙያ

አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ቀለሟን ራሳችሁ ወይም የቤታችሁ ሰው የቀባት መኪና ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። ጎፋ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ወጥሮ የሚሠራ አንድ የፖሊሽ ባለሙያ አለ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ብዙ ቦታ ተንከራተን፣ ብዙ ብር ከስክሰን፣ ተስፋ ከቆረጥን በኋላ ነው ያገኘነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ እዚህ አልጽፍም። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ስልኩን እሰጣለሁ።

መኪናዋ የአባባ ቮልስ ናት። ጥቁር ሰማያዊ። አባባ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ቮልሷን የገዙት እኔ ሳልወለድ ነው። እኛን ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አመላልሳናለች። እማዬ ሆስፒታል ተኝታ በነበረ ጊዜ አጥሚቱንም ጠያቂውንም ያመላለሰችው እሷ ናት።

«ለምን አትሸጧትም?» የሚሉን አሉ። ሸጦስ ምን ይገዛል? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የጫነውን ግብር ሁላችንም እናውቃለን። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ፣ የድሮዋ ቮልስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የትም አገር አትመረትም። የመጨረሻዋ የወጣችው ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ይህን አባባ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይነግራሉ። ስለዚህ ያለችንን ተንከባክቦ መያዝ ነው።

አምና የካቲት ላይ አባባ ራሳቸው ቀቧት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ኮምፕረሰሩንና መርጫውን የእንጨት ሥራ ካለው ጎረቤታችን ተዋሱ። ዝገቱን ፈቀፈቁ፣ ጎድጎድ ያለውን በስቱኮ ሞሉ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያሹ አለሰለሱት። መስታወቱንና ጎማውን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ሸፈኑ። አቧራ እንዳይነሳ የግቢውን መሬት ውሃ አርከፈከፉበት። ንፋስ ሳይነሳ በማለዳ ይረጫሉ፣ ረፋድ ላይ ያቆማሉ። ሲጨርሱ የፋብሪካ ቀለም ሆነ አልልም። ጠጋ ብሎ ላየው ትንሽ ሸካራ ነበር። በግራ በኩል ፓራፋንጎው ላይ አንድ ቦታ ቀለሙ ወርዶ ጠብታ ሠርቷል። ግን ያምር ነበር። ጠዋት በር ስንከፍት ሰማያዊው ያበራ ነበር።

መከራው የመጣው የእህቴ ሠርግ ሲቃረብ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነበር። አባባ ሙሽሪትን በቮልሷ መውሰድ ፈለጉ። «ትንሽ ፖሊሽ ብትደረግ ጥሩ ነው» አሉ። ሰው የጠቆመን ቦታ ወሰድናት።

የዚያን ቦታ ስም አልጠራም። ትልቅ ነው፣ ማስታወቂያው ያምራል። ልጆቹ ግራይንደር ላይ ሱፍ ገጥመው ይፈጯት ጀመር። አባባ «ቀስ በሉ ልጆች፣ ቀለሙን ቤት ነው የቀባሁት» ሲሉ አንዱ «ፋዘር፣ ይሄ የኛ ሥራ ነው፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ» አላቸው። ዞሮም አላያቸው። ጥላ ውስጥ ስናያት ታበራለች። ከፍለን ወጣን። ፀሐይ ላይ ስትወጣ ግን ከኮፈኑ እስከ ኋላዋ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ በሆነ ጭረት ተሸፍናለች። ጭረቱ አልበቃ ብሎ ነጣ ያለ ጉም ለብሳለች። ተመልሰን ስንሄድ የሰማነው መልስ «ቤት የተቀባ ቀለም ከዚህ በላይ አይሆንም» የሚል ነው። ብራችንን ተቀብለው፣ መኪናዋን አበላሽተው፣ ጥፋቱን ለአንድ ሽማግሌ አሸክመው ላኩን።

ሌላ ቦታ ደግሞ ቅባት ነገር ቀቡባትና አምሮባት ወጣች። ተደሰትን፣ ጉርሻም ሰጠን። ላቫጆ ገብታ ስትታጠብ ጭረቱም ጉሙም እንዳለ ተመለሰ። ለካ ጭረቱን አላጠፉትም፣ በቅባቱ ሞልተው ደበቁት እንጂ። እስከ ሠርጉ ድረስ እንኳ አልቆየም። ሌላው ይባስ ብሎ መኪናዋን በደንብ ሳያያት ሳቀ። «ማነው በመጥረጊያ የቀባት?» አለ። አባባ አጠገቤ ቆመዋል! ከዚያ ቀለሙ በሙሉ ተልጦ እንደ አዲስ መቀባት አለበት አለና ዋጋ ጠራ። የጠራውን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ከዚያ በኋላ አባባ ዝም አሉ። ቮልሷን ሸራ አልብሰው አቆሟት። ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እኮ። «እኔው ነኝ ያበላሸኋት፣ ለባለሙያ መስጠት ነበረብኝ» ይላሉ ስናነሳባቸው። እኔን ያንገበገበኝ ከብሩም ከጭረቱም ይልቅ ይህ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ሠርተው ያኖሩን ሰው፣ ሥራቸውን በማያውቁ ሰዎች አፍ እጃቸውን እንዲጠሉ ተደረጉ።

ወደዚህ የጎፋ ልጅ የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እሷንም አመሰግናለሁ። አባባን ለምኜ፣ ተቆጥቼም ጭምር፣ ይዣቸው ሄድኩ።

ልጁ ማሽን አላነሳም። መጀመሪያ አጠባት። በደረቅ ጨርቅ አልነካትም። ከዚያ ዙሪያዋን ዞሮ በእጁ ዳበሳትና «ጋሼ፣ ማን ነው የቀባት?» ብሎ ጠየቀ። ሆዴ ተገለበጠ። አባባ መሬት መሬት እያዩ «እኔው ነኝ» አሉ።

አልሳቀም። «መቼ ነው የቀቡት? በምን ዓይነት ቀለም? ስንቴ ደረቡት?» አለ። አባባ በአጭር በአጭሩ ይመልሱ ጀመር። ልጁ ጥያቄ ይጨምራል። እሳቸው ደግሞ እየሞቃቸው መጣ። ስለ ኮምፕረሰሩ፣ ስለ ማለዳው፣ ስለ መሬቱ መርጠብ ሁሉ ነገሩት። ልጁ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ያዳምጣል። ሌላ ደንበኛ እየጠበቀው እኮ ነው።

ከዚያ የሹፌሩን በር ከፈተ። የስልኩን መብራት አብርቶ በሩ የሚገጥምበትን የውስጥ ጠርዝ አሳያቸው። «ይምጡ እስቲ ጋሼ። ይሄም የእርስዎ ቀለም ነው አይደል? እዚህ ማሽን አልነካውም። ጉም አለው? ጭረት አለው?»

አባባ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ቀለሙ ጥርት ያለ ነበር።

«የእርስዎ ሥራ ይሄ ነው። ውጭ ያለው የሌላ ሰው ሥራ ነው። በክረምት እርጥበት ላይ ረጭተውት ቢሆን ጉሙ ከቀለሙ ውስጥ ይሆን ነበር፣ እዚህም እናየው ነበር። እርስዎ በበጋ፣ በደረቅ አየር ነው የቀቡት። ቀለሙ ጤነኛ ነው ጋሼ። ያበላሹት ላዩን ነው፣ እሱን ደግሞ እናነሳዋለን።»

እኔ ፊቴን አዞርኩ። እንባዬ መጣ። ያን ያህል ጊዜ በየጋራዡ ስንዞር አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ውስጡን ለማየት አላሰበም። እኛም አላሰብንም፣ ሥራችን አይደለምና። እሱ ግን ሥራው ስለሆነ አሰበ። አባባ በሩን ራሳቸው እየከፈቱና እየዘጉ ደጋግመው አዩት። ከዚያ የቀኙንም ከፍተው አዩ።

ሥራውን ሲጀምርም በአንዴ አልገባበትም። ከኋላ፣ ከታች በኩል ትንሽ ቦታ በወረቀት ፕላስተር ከለለና እዚያ ብቻ ሞከረ። ስፖንጁ ሰማያዊ ሆኖ ሲመጣ አባባ ደነገጡ። «ቀለሙ እየለቀቀ ነው!» አሉ። «አይስጉ ጋሼ፣ ቬርኒሽ ስላልተደረበበት ነው። ትንሽ ቀለም መምጣቱ አይቀርም፣ እኔ የምጠነቀቀው እንዳይበዛ ነው» አላቸው። ፕላስተሩን ሲያነሳ ልዩነቱን አየነው። በአንድ በኩል ጉም፣ በሌላ በኩል ያ አምና ጠዋት ጠዋት የምናየው ሰማያዊ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን በቅጡ ላስረዳችሁ አልችልም። የተለያዩ ጠርሙሶች ነበሩ። ስፖንጅ ይቀያይራል። ጠንከር ካለው ይጀምርና በለስላሳው ይጨርሳል። ጉሙን የሚያጠፋው የመጨረሻው ነው አለኝ፣ ብዙዎቹ የሚዘሉት እሱን ነው አለ። ማሽኑን ቀስ አድርጎ ይነዳል፣ ያቆማል፣ ላሜራው እንዳይግል በመዳፉ ይነካል። ጥላ ውስጥ የሠራውን በፓውዛ ያየዋል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥቶ እንደገና ያየዋል። ሳትጠይቁት ፀሐይ ላይ የሚያወጣ ባለሙያ ስታገኙ እመኑት።

የማይሠራውንም ፊት ለፊት ይናገራል። ጣሪያው ጠርዝ ላይ «እዚህ ቀለሙ ስስ ነው፣ ከነካሁት ስቱኮው ይወጣል። ጭረቱ ትንሽ ይቅር፣ ቀለሙ ይቆይ» አለን። ጠርዞቹን ሁሉ በፕላስተር ሸፈነ። ኮፈኑ ላይ አንድ ጠለቅ ያለ ጭረት አለ፣ እሱም ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋ ቀድሞ ነገረን። አልጠፋም። ግን ማንም አልዋሸንም።

ያቺ ፓራፋንጎው ላይ ያለች ጠብታ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ጋሼ፣ ይቺን ላስተካክላት ወይስ ትቆይ?» አለ። እኔ ትቆይ ልል ነበር፣ ወድጃታለሁ። አባባ ግን ሳያስቡ «አጥፋልኝ» አሉ። ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትከነክናቸው ኖራለች። ልጁ ፈገግ አለና ቀጭኑን ብርጭቆ ወረቀት ውሃ አስነክቶ ለአባባ ሰጣቸው። አጠገባቸው ተቀምጦ «ቀስ… አሁን ውሃ… በቃ፣ በቃ ጋሼ» እያለ ራሳቸው አለሰለሷት። የቀረውን እሱ በማሽን ጨረሰው። ጠብታዋ የት እንደነበረች አሁን ብትፈልጉ አታገኟትም።

ዋጋ ልንገራችሁ ብል እንደ መኪናው ይለያያል። የመጀመሪያው ቦታ ከወሰደብን ያነሰ ነው ማለት ግን እችላለሁ። ሥራው ካሰበው በላይ ረዝሞበት እስከ ማታ አምሽቷል፣ ጨምሩ አላለም። እኔ ልጨምር ስል «የተነጋገርነው ይበቃል እህቴ» አለኝ። ሻይም የጋበዘን እሱ ነው።

እህቴ በቮልሷ ተሞሸረች። አባባ ነዱ። ሠርጉ ላይ ስንት ሰው «የት አስቀባችኋት?» ብሎ እንደጠየቃቸው! ሁሌም መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኔ ቀባሁት፣ አንድ ጎበዝ ልጅ ደግሞ ወለወለልኝ።» አሁን ቤተ ክርስቲያን በመኪናቸው ይሄዳሉ።

ወገኖቼ፣ ሂዱ እዚህ ልጅ ጋ። መኪናችሁ ጉም ለብሳ፣ ፀሐይ ላይ ጭረቷ እየታየ «ቀለሙ ነው» ተብላችሁ ከሆነ፣ አደራ ሌላ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ለእሱ አሳዩት። ቀለሙ እውነት የሞተ ከሆነም ይነግራችኋል። እኛ እያለን አንድ ሰው መኪና ይዞ መጥቶ «ይሄ በፖሊሽ አይድንም፣ ብርህን አታባክን» ብሎ ሲመልሰው አይቻለሁ። የመጣለትን ሥራ የሚመልስ ሰው በዚህ ጊዜ የት ይገኛል?

ለእኛ የነገረንን ለእናንተም ልንገር፣ እንዲነገር ፈቅዷል። አቧራ የለበሰ መኪና በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፣ ክብ ክቡ ጭረት በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት፣ አፈሩ ይውረድ። ጨርቁን የምታለቀልቁበት ባልዲ ሳሙናው ካለበት ባልዲ የተለየ ይሁን። የጋለ ላሜራ ላይ ሳሙና እንዲደርቅ አትተዉ። አዲስ የተቀባ መኪና ደግሞ ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ ፖሊሽ ለማድረግ አትቸኩሉ። አባባ ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተራቸው ጽፈውታል፣ አሁን የሰፈሩን ልጆች እያስተማሩ ነው።

ስትሄዱ ቀድማችሁ ደውሉ። በአንድ ቀን ብዙ መኪና አይቀበልም፣ ስለዚህ ወረፋ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ጠብቁ። በዋጋም ብዙ አትከራከሩት፣ እባካችሁ፣ የሚጠይቀው ልኩን ነው። እሁድ አይሠራም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ።