ፕሮፎርማው 100፣ የከፈልነው 158፦ ሲስተም ያስገቡልን ሰዎች

ድርጅታችን መለዋወጫ አከፋፋይ ነው። ፋይናንሱን የምመራው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሒሳቡን፣ መጋዘኑን፣ ግዢና ሽያጩን አንድ ላይ የሚይዝ ኢአርፒ አስገባን። ሶፍትዌሩ ደህና ነው፤ ስለሱ ብዙም አልጽፍም። የምጽፈው ስላስገቡልን ሰዎች ነው፣ በተለይ ስለ ዋጋ አሰጣጣቸው። ስማቸውን አልጠራም። የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው።

ገንዘቡንም አልናገርም፤ የእኛ ልክ ለእናንተ አይሆንም። የመጀመሪያው ፕሮፎርማ 100 ነበር እንበል። 40ው ለ20 ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ፈቃድ፣ 45ቱ ሲስተሙን ለእኛ አሠራር ማዘጋጀት፣ 15ቱ ሥልጠና። ጊዜው 5 ወር። አንድ ገጽ፣ ንጹሕ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ወረቀት። ስንጨርስ 158 ከፍለናል። 8 ወርም ሄዷል።

58ቱ የት ገባ? ትልቁን ትቼ በጣም ካናደደኝ ልጀምር፦ ለዳታ የወጣው 14።

ውሉ ላይ "ዳታ ማስገባት" የሚል መስመር አለ። አየሁት፣ ደስ አለኝ፣ አለፍኩት። ኋላ ተመልሼ ሳነበው "ደንበኛው በተሰጠው ቅጽ አጽድቶ ያቀረበውን" ይላል። አጽድቶ! ያቺን ቃል ዘልያታለሁ። የዕቃ ዝርዝራችን በኤክሴል 6,200 መስመር ነበር። አንዱ ብሎን በአራት ስም ተመዝግቧል፦ "ብሎን 10"፣ "ብሎን ባለ 10"፣ "ቡሎን 10 ሚሜ"፣ አራተኛው ደግሞ ማን እንደጻፈው እስከዛሬ ያልታወቀ "ብሎን ያው የድሮው"። አራቱም የየራሳቸው ቀሪ አላቸው። አንዱ በፍሬ ይቆጠራል፣ ሌላው በካርቶን። "ያው የድሮው" ቀሪው ከዜሮ በታች ነው።

"ይሄን እናንተ አታስተካክሉትም?" አልኩት ፕሮጀክት ማናጀራቸውን። ጨዋ ልጅ ነው። "የትኛው ብሎን የትኛው እንደሆነ እኛ በምን እናውቃለን እህቴ?" አለኝ። እውነቱን ነው። የሚያውቁት የመጋዘን ኃላፊያችን ብቻ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። እሳቸውና ሁለት የሒሳብ ልጆች ስድስት ሳምንት፣ ቅዳሜን ጨምሮ፣ ዝርዝሩ ላይ ተደፉ። 6,200 የነበረው 3,900 ሆነ። ለትርፍ ሰዓታቸው 6 ወጣ። የቀረው 8 ለባለሙያዎቹ ሄደ። ዳታው ለሙከራ ሦስቴ ተጭኖ ሁለቴ ስለወደቀ፣ የድጋሚውን በቀን አስከፈሉን።

ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። እኔ ኢአርፒ ሳስገባ የመጀመሪያዬ ነው። እነሱ ግን ሥራቸው ነው። ንጹሕ ዳታ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ እንደማይኖር ያውቃሉ። ቢያንስ ከመፈራረማችን በፊት "ዝርዝራችሁን አንዴ እንየው" ማለት ይችሉ ነበር። ዋጋው እንዳያስደነግጠን ዝም ያሉ ይመስለኛል።

ትልቁ ወጪ፣ 22ቱ፣ የማሻሻያ ጥያቄ ነው። በዚህ እነሱን አልወቅስም። እኛ ነን "ድሮ እንደዚህ ነበር" እያልን ያስቸገርናቸው። የደረሰኙ ላይ አርማ ከግራ ወደ ቀኝ ይዙርልን አልን፤ የአራት ሰዓት ሥራ ሆኖ ተከፈለበት። ዓይኔ እያየ ፈረምኩ። 11 ልዩ ሪፖርት አሠራን። ዛሬ በመደበኛነት የሚከፈቱት አራት ናቸው። ከቀሩት ሰባቱ ውስጥ ሦስቱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ይሄ የትንሽ ድርጅት ችግር ብቻ አይደለም። የጀርመኑ ሱፐርማርኬት ሊድል እ.ኤ.አ. በ2018 ኤስኤፒ የተባለው ኩባንያ የሠራውን ኢአርፒ ለማስገባት ሰባት ዓመት የለፋበትን ፕሮጀክት አቁሟል። ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ እንደወጣበት ተዘግቧል። ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ የክምችት አመዘጋገብ ነው። ሊድል ዕቃውን በተገዛበት ዋጋ መያዝ ለምዷል፣ ሲስተሙ የተሠራው ደግሞ በመሸጫ ዋጋ ለመያዝ ነው። ልማዱን አልቀይርም ብሎ ሲስተሙን ሲያስቀይር ኖረ። ይህን ሳነብ አርማችን ትዝ አለኝ።

ለሽያጭ ማሽኖቹና ለባንኩ ግንኙነት 9 ወጣ። ፕሮፎርማው "መገናኘት ይችላል" ይላል። ይችላል እንጂ ይገናኛል አላለም። አምስት ተጠቃሚ ደግሞ በዓመቱ አጋማሽ ጨመርን፣ 5። መጋዘን የሚገቡትን ፈረቃ ሠራተኞች ቆጠራው ላይ ረስተናቸው ነው።

የቀረው 8 ለድጋሚ ሥልጠና ነው። የመጀመሪያው ሥልጠና ራሱ ጥሩ ነበር፣ ግን ሲስተሙ ከመጀመሩ ሦስት ወር ቀድሞ ተሰጠ። ዳታው ሲጓተት ሥልጠናው በዕቅዱ ቀን ተካሄደ። ሥራ ስንጀምር ጋሼ ቀን በደብተር ይጽፋሉ፣ ማታ አንዱ ልጅ ወደ ኮምፒውተር ያስገባላቸዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ በግማሽ ቀን የዘገየ ነው። ሽያጭ ክፍል መደርደሪያ ላይ የሌለ ዕቃ ሸጦ ቁጭ ይላል። ለምን ራስዎ አያስገቡትም ብላቸው፣ "ልጄ፣ ያን ቀን የተማርኩትን ያን ቀን ነው የማውቀው" አሉኝ። ከዚያ አንዲት አሠልጣኝ አራት ቀን ሙሉ መጋዘን ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጣ አሠራቻቸው። ከ158ቱ ውስጥ ሳልሳሳ የከፈልኩት ይሄንን ነው። ደብተሩ አሁን የስልክ ቁጥር መጻፊያ ሆኗል።

መጠባበቂያ አልያዝሽም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። 15 ጠይቄ ነበር። "ለምን እንደሚወጣ ያልታወቀ ገንዘብ ይያዛል?" ተባለና ተሰረዘ። 15 ቢፈቀድም ባልበቃ፣ ግን ጭማሪ በመጣ ቁጥር ማመልከቻ ይዤ አለቃ ቢሮ ከመመላለስ ግማሹን እተርፍ ነበር።

ምስጋናም አለኝ። የመጀመሪያውን ወር ስንዘጋ ሁለቱ ባለሙያዎች እስከ ሌሊት አብረውን ቆዩ። አንድ የማይገጥም ቁጥር ነበር። ሁላችንም ተስፋ ከቆረጥን በኋላ አንደኛው ሁለቴ የገባ የመነሻ ቀሪ አገኘ። ለዚያ ሌሊት አላስከፈሉንም። ድሮ ወር መዝጊያ 12 ቀን ይፈጅብን ነበር፣ አሁን አራት። ስልክ ያነሳሉ። የማያውቁትን "አላውቅም፣ ጠይቄ ልደውል" ይላሉ፣ ይደውላሉም።

አከፋፈላችን ላይ ግን ተሸውደናል። ስንፈራረም 50፣ ሲጫን 40፣ በመጨረሻ 10 በመቶ። ሥራው የሚከብደው ከተጫነ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ እጃችን ላይ የቀረው 10 ብቻ ነው። አሁን ቢሆን ሩቡን የመጀመሪያው ወር እስኪዘጋ አልለቅም ነበር።

ሌላው ፕሮፎርማው ላይ ያልታየው ሁለተኛው ዓመት ነው። ለ25 ተጠቃሚ ፈቃድ 50፣ ለድጋፍ 12። ደረሰኙ ሲመጣ ቦርዱ ደነገጠ። ሲስተሙን እንደ ማሽን አንዴ ገዝተን የጨረስን መስሏቸው ነበር። በየዓመቱ የሚመላለስ መሆኑን በጀቱ ላይ ለይቼ ማሳየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ለሥራቸው አራት ተኩል ይገባቸው ነበር፣ አንዱን ፕሮፎርማው በላባቸው። ለሁለተኛው ምዕራፍ፣ ለሠራተኛ አስተዳደርና ደመወዝ፣ እንደገና እነሱን መርጠናል። ፕሮፎርማቸው ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። አንድ ገጽ ነው፣ ንጹሕ። ዳታ ማጽዳት የሚል መስመር የለውም። መልሼ ልኬዋለሁ።