«እህቴ» ብሎ ሸጦልኝ «ሴትዮ» ብሎ ያባረረኝ ሱቅ

ከመርካቶ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ነገ ብጽፈው ሳልበርድ አልቀርም፤ መብረድ ግን አልፈልግም። የሽንት ቤት መቀመጫ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በተለይ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤታችን ምን እንደሚመስል መገመት አያቅታችሁም። ሁለት ሰው አያቆምም። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ጥጉ ላይ ከላይኛው ፎቅ የሚወርደው ወፍራም ቱቦ አለ። የእኛ ቤት የሽንት ቤት ፍሳሽ መውረጃ ቀዳዳ ወደ ግድግዳው በጣም ተጠግቶ ነው የተሠራው፤ ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው መሃል 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ። አሮጌው መቀመጫ ከሥሩ ተሰንጥቆ ታች ወዳሉት ጎረቤቶቻችን ጣሪያ ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ከዝቅተኛ ነገር ላይ መነሳት ፈተና ሆኖባታል። ስለዚህ አዲስ፣ ከፍ ያለ መቀመጫ ልገዛላት ለወራት ብር ሳጠራቅም ቆየሁ።

የቧንቧ ሠራተኛው ትልቅ ሰው ናቸው። መጥተው በሜትር ለኩ፤ በትንሽ ወረቀት ላይ «20 ሴንቲ፣ ወደ ወለል የሚወርድ» ብለው ጻፉልኝ። ከዚያ «ልጄ፣ የዚህ ቤት ነገር አስቸጋሪ ነው፤ አብረን ሄደን እንግዛ» አሉኝ።

እምቢ አልኩ። አሁን የሚያንገበግበኝ አንዱ ይሄ ነው። የቧንቧ ሠራተኞች ከሱቅ ኮሚሽን ይበላሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። ሰውየው ግን ምንም ያደረጉኝ ነገር የለም። ዝም ብዬ ጠረጠርኳቸው። «እኔው ራሴ እገዛለሁ ጋሼ» ብዬ ወረቀቷን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እውነተኛውን ሰው ጠርጥሬ የማላውቀውን ነጋዴ ላምን ሄድኩ።

የሳኒተሪ ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ገና በር ላይ ስትቆሙ «እህቴ ግቢ፣ ምን ልታዘዝ» ይባላል። የዚህኛው ሱቅ ሻጭ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ወረቀቷን ተቀብሎ አነበባት። አዎ፣ አንብቧታል፤ ጮክ ብሎ «20 ሴንቲ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ አንዱን ነጭ መቀመጫ መታ መታ እያደረገ «ይሄ ለሁሉም ቤት የሚሆን ነው» አለኝ። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ 3 ሊትር፣ ሌላው 6 ሊትር ይለቃል። ውሃ በፈረቃ ለምናገኝ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ልቤ ሄደ።

ካርቶኑ ላይ ከቻይንኛው ጽሑፍ ሥር በትልቁ 300 የሚል ቁጥር አየሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ጠይቄያለሁ! በጣቱ ቁጥሩን ነካ አድርጎ «እሱ የሞዴል ቁጥር ነው እህቴ፣ አታስቢ» አለኝ።

ዋጋውን በደረሰኝ 21,275፣ ያለ ደረሰኝ 18,500 አለኝ። ልዩነቱ የቫቱ 15 በመቶ ነው፤ 2,775 ብር። ያንን ብር ለሠራተኛው እጅ ዋጋ አስቤው ነበር። ያለ ደረሰኝ አልኩ። በስልኬ አስተላለፍኩ። የተሰጠኝ ሒሳብ የማን ስም እንደሆነ እንኳን አስተውዬ አላየሁም።

ዳማስ ተከራይቼ በአብነት በኩል ይዤው ገባሁ። ሁለት ልጆች ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ አወጡልኝ። የቧንቧ ሠራተኛው አሮጌውን ነቅለው፣ ቦታውን አጽድተው እየጠበቁ ነበር። ካርቶኑን አዩት። ሜትራቸውን አወጡ። ከመቀመጫው ጀርባ እስከ መውጫው መሃል ለኩና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የ30 ነው።»

300 ማለት 300 ሚሊ ሜትር ነው። የቀዳዳው ርቀት። የእኛ ደግሞ 200። መውጫው ቀዳዳው ላይ እንዲያርፍ መቀመጫው 10 ሴንቲ ግድግዳው ውስጥ መግባት አለበት። ግድግዳው ጋ ከቆመ ደግሞ መውጫው ከቀዳዳው 10 ሴንቲ አልፎ ባዶ ወለል ላይ ይቀራል። በሩም ግማሽ መንገድ ሳይደርስ መቀመጫውን ይመታል። መውጫውን ከቀዳዳው የሚያገናኝ ጠመም ያለ ማገናኛ አለ፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሴንቲ ብቻ ነው የሚያዛውረው። ቀዳዳው ይዛወር ቢባል ቱቦው ያለው ከእኛ ወለል በታች፣ ጎረቤቶቻችን ጣሪያ ላይ ነው። የሰው ጣሪያ ላፈርስ ነው?

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። አልጮህኩም። ሳይታወቀው ተሳስቶ ይሆናል፣ በ20 ይቀይርልኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። የትራንስፖርቱን እኔ እችለዋለሁ ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ።

ያው ሰውዬ፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወረቀቷን አውጥቼ «ትናንት ይሄን አይተህ ነው የሸጥክልኝ፤ የሰጠኸኝ ግን የ30 ነው» አልኩት። ወረቀቷን አልነካትም። ቀስ ብሎ ተነሳ። ከኋላው ወደተደረደሩት ካርቶኖች ዞረና ያንኑ ጣቱን ያው ቁጥር ላይ አሳረፈ።

«300 ይላል። ማንበብ አትችይም እንዴ፣ ሴትዮ?»

ሴትዮ። ትናንት እህቴ ነበርኩ።

ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልወጣኝም። «የሞዴል ቁጥር ነው አላልከኝም?» አልኩት። «እኔ? መቼ?» አለ፤ አይኑን እንኳን አላርገበገበም። ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ዞሮ «እንዲህ ስል ሰምተሻል?» አላት። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል ሳቀች። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አለች። ትናንት ካርቶኑን ዳማስ ላይ የጫነልኝ ልጅ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል፤ ትናንትም ዛሬም። አየሁት። መሬት መሬት አየ። እሱን አልፈርድበትም፤ እንጀራው እዚያ ነው።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለሸማች መብት ይሰጣል። ይህንን ነገርኩት። የመለሰልኝን አልረሳውም። «ዕቃው ምን ጎደለው? የጎደለው ቤትሽ ነው» አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ገዢዎች ሳቁ። ከዚያ «ለመሆኑ ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። የለኝም። ያስተላለፍኩበትን ስልኬን አሳየሁት። ስሙን አነበበና «እዚህ ሱቅ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም» ብሎ ለሌላ ገዢ «እህቴ ግቢ» አለ። እኔ ገና ፊቱ ቆሜ እያለሁ።

ሳለቅስ ማንም እንዳያየኝ ፈጥኜ ወጣሁ። ያናደደኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ለ2,775 ብር ብዬ የራሴን ማስረጃ በራሴ እጅ ሸጥኩለት። እሱ ያንን ቅናሽ ያደረገልኝ አዝኖልኝ አልነበረም። ተመልሼ ስመጣ አፌን የሚዘጋበትን ነው ያዘጋጀው። ወረቀቱን ሲያነብ፣ ሻዩን ሲያዝዝልኝ፣ 300ን ሲነካ ሁሉንም ያውቅ ነበር።

እማዬ ዛሬም ጎረቤት ቤት ነው የምትሄደው። በደረጃው ስትወርድ ግድግዳውን ይዛ ነው። «ተይው ልጄ፣ ጤና ይስጥሽ» ትለኛለች። ያ ደግሞ ይብሳል። የቧንቧ ሠራተኛውን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቅ ብለው «ነገ እንፈልጋለን» አሉኝ። የ20ውን አብረን ሄደን እንገዛለን።

እናንተ ግን ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው መሃል ለኩ። የምትለኩት ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ካለው ግድግዳ ነው እንጂ ከሲሚንቶው አይደለም። በሩ ሲከፈት የት እንደሚደርስም እዩ። ሱቅ ውስጥ የመቀመጫውን ሥር ራሳችሁ በሜትር ለኩ፤ ካርቶኑንም የሻጩንም አፍ አትመኑ። ደረሰኝ ላይ መጠኑን አስጽፉ። ብር የምታስተላልፉበት ስም ከሱቁ ስም ጋር ካልገጠመ ጥላችሁ ውጡ።

መቀመጫው ኮሪደራችን ላይ ቆሟል፤ ሰው በጎን ነው የሚያልፈው። ምንም አልተነካም፣ ክዳኑም ማያያዣውም ሙሉ ነው። የቤታችሁ ቀዳዳ ከግድግዳው 30 ሴንቲ ከሆነ ጻፉልኝ፤ ከገዛሁበት ቀንሼ እሰጣለሁ። ግን መጀመሪያ ለክታችሁ ኑ።