ደረቅ ቼክ በአዲስ ቼክ ሲቀይሩላችሁ ዋናውን አታስረክቡ

ቤት እንሠራለን፣ መኪና እናስመጣለን ብለው ቅድሚያ ክፍያ የሰበሰቡ ድርጅቶች፣ ደንበኛው ውሉን አፍርሶ ብሩን ሲጠይቅ ምን እንደሚሉ ሁላችንም እናውቃለን። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው፣ ፋይሉ ሒሳብ ክፍል ነው፤ በመጨረሻ ከወራት በኋላ የሚደርስ ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል። ቀኑ ደርሶ ባንክ ሲኬድ ሂሳቡ ባዶ ነው፤ ደረቅ ቼክ የሚባለው ይህ ነው። እስከዚህ አዲስ ነገር የለም። ይህን የሚያስጽፈኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ በአንድ ጡረተኛ አባት ላይ ሠርተውታል።

ሰውዬው ባንኩ «በቂ ስንቅ የለውም»፣ ማለትም ሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም ብሎ የመለሰላቸውን ቼክ ይዘው ቢሮ ገቡ። ሠራተኛዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «አባባ፣ ምን ያስቸኩልዎታል? ዋናውን ይስጡኝና በአዲስ እንቀይርልዎ» አለቻቸው። ሰጧት። ገልብጣ የባንኩን ማህተም አየች፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ ቆለፈችበት። ኮፒ እንድታነሳላቸው ሲጠይቁ «ምን ያደርግልዎታል? አዲሱን ይዘዋል አይደል» ብላ ሦስት ወር ወደፊት የተጻፈ ሌላ ቼክ ከአንድ ገጽ «ስምምነት» ጋር አቀረበችላቸው። ፈርመው፣ አመስግነው ወጡ። በዕድሜያቸው የተከበሩ ሰው አመስግነው እንዲወጡ መደረጉ ነው ደሜን የሚያፈላው።

መሳቢያው ውስጥ የገባው ተራ ወረቀት አይደለም፤ የወንጀል ማስረጃ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ቼኩ ሲወጣ ወይም ለክፍያ ሲቀርብ በሂሳቡ በቂ ገንዘብ እንደሌለ እያወቀ ቼክ ያወጣን ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል፣ መቀጮም አለው። በቸልተኝነት ማውጣትም ያስጠይቃል። «ስንጽፈው ገንዘብ ነበረን» የሚለው መልስ ብቻውን የማያድናቸው ለዚህ ነው። ተጠያቂው ደግሞ ቼኩ ላይ የፈረመው ሰው ራሱ ነው፤ ድርጅቱ ከጀርባው መኖሩ ፈራሚውን ከእስር አያስጥለውም። ሠራተኞቹ ያንን የባንክ ማህተም ያረፈበትን ቼክ እንደዚያ የሚሹት ፈራሚው ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

«ስምምነት» የተባለውን ገጽ ደግሞ አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ «የመጀመሪያው ቼክ ለዋስትና የተሰጠ ሲሆን ገንዘብ እንደሌለው ተቀባዩ ያውቃል» የሚል መስመር አለበት። ክስ ሲመጣ ማታለል አልነበረም ብለው የሚከራከሩት በእናንተው ፊርማ ነው።

አዲሱ ቼክ ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። አንዳንዱ ሆን ተብሎ ባንክ ከሚያውቀው ለየት ባለ ፊርማ ይፈረማል፣ ወይም በአኃዝና በፊደል የተጻፈው መጠን አይገጥምም። ባንኩ «የፊርማ ልዩነት» ብሎ ሲመልሰው የገንዘብ አለመኖር ወረቀቱ ላይ አይታይም፤ መርማሪውም «ይሄ የጽሑፍ ስህተት ነው» ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል። ስለዚህ ባንኩ ቼኩን የመለሰበትን ምክንያት ሁሉ፣ የስንቁን ጉድለት ጨምሮ፣ ከነቀኑና ከነማህተሙ በጽሑፍ እንዲገልጽላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። በቃል የተነገራችሁ የትም አያደርስም።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ጊዜው ነው። በንግድ ሕጉ ቼክ በታየ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ ከዚህ የሚቃረን ቃል ቢሰፍርበት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ባንክ የሚቀርበው ከወጣበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ያ ካለፈ በኋላ በቼኩ ላይ ተመሥርቶ አውጪውን ለመክሰስ ያለው ጊዜም ሌላ 6 ወር ብቻ ነው። አንዴ ሦስት ወር፣ አንዴ አራት ወር እያሉ የሚቀያይሩት ሰው እንዲሰለች ብቻ አይደለም፤ ይህ ጊዜ እንዲያልፍበትም ነው። ቼክ በእጃችሁ ሳለ የፍትሐ ብሔር ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 ሊቀርብ ይችላል፤ ተከሳሹ በቃለ መሐላ አስደግፎ የመከላከል ፈቃድ ካላገኘ ፍርድ ቤቱ ለከሳሽ ይፈርዳል። ጊዜው ካለፈ ግን ወደ ዋናው ውል ተመልሳችሁ በመደበኛው ክርክር መጓተት ነው የሚቀራችሁ። ለዚያም ቢሆን ውሉን፣ ያስገባችሁበትን የባንክ ስሊፕና የውል ማፍረሻ ደብዳቤውን አትጣሉ።

የወንጀል ክሱ ፈራሚውን ቢያሳስርም ብቻውን ብራችሁን አያስመልስም፤ ገንዘቡን የሚያስመልሰውን ክስ ጎን ለጎን ጀምሩ።

ተመላሽ ሲባል ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ወይም ቀጥታ ወደ ሂሳባችሁ ማስተላለፍ ጠይቁ። ቼክ ከተቀበላችሁም የፊትና የኋላውን ኮፒ አንሱ፣ ዋናውን ለድርጅቱ ሰው በምንም ምክንያት አትስጡ፤ ብሩ ሂሳባችሁ ገብቶ ካያችሁ በኋላ ይጠይቋችሁ። ለፖሊስ ስታስረክቡ የቼኩን ቁጥር፣ መጠኑንና የተቀባዩን መርማሪ ፊርማ የያዘ ማስረጃ ተቀበሉ።