የአባቴ ሃይሉክስ በሳቢያን ጋራዥ፦ የአምስት ወር እድሳት፣ የአንድ ዓመት መንገድ

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የሚገኘው ይህ ጋራዥ በሩ ላይ ታፔላ የለውም፤ በሰፈሩ የሚታወቀው ከአጥሩ ውጭ በቆሙት ሁለት ባዶ በርሜሎችና ተራቸውን በሚጠብቁት አሮጌ ቶዮታዎች ነው። የአባቴን ፒካፕ እዚያ አስገብቼ አምስት ወር አቆይቼዋለሁ። ከወጣ ወዲህ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ወደ ሥራ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ሐረር፣ በወር አንድ ሁለቴ ከአስፋልት ወጥቼ ወደ ኤረርና ወደ ሽንሌ አቅጣጫ ስለነዳሁት፣ እዚህ የምጽፈው አስተያየት ቀለሙ ሳይደርቅ የተሰጠ አይደለም።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራ ባለ አራት ጎማ ጉልበት ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ መካኒኮች ኤልኤን 106 የሚሉት ዓይነት። ሞተሩ 3ኤል የሚባለው ባለ አራት ፒስተን፣ 2.8 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሲሆን፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዝ አንድ ወጥ ዘንግ) በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች፣ ላይ ተሸክሟል። በዚህም ምክንያት በአስፋልት ላይ ከአዲሶቹ ፒካፖች ይልቅ ይነጥራል፤ ነገር ግን የሚሰበረው ዕቃ ትንሽ ነው፣ የተሰበረውም በመዶሻና በብየዳ ይጠገናል። አባቴ ከጉርሱም እህል ሲጭንበት ኖሮ እጄ ሲገባ ሞተሩ ዘይት ያልባል፣ ሁለተኛው ማርሽ ይዘላል፣ የጭነት ሳጥኑ ወለል ደግሞ በዝገት ተበልቶ መሬቱ ይታይ ነበር።

ጋራዡን ያስወደደኝ የመጀመሪያው ቀን ነው። እኔ የሄድኩት ከፍ ያለ ባሌስትራ፣ ትልልቅ ጎማ፣ የፊት ብረት መከላከያና ቢቻል ቱርቦ የሚል ዝርዝር ይዤ ነበር። አለቃው፣ ስልሳውን ያለፉ ሰው ናቸው፣ ወረቀቱን አንብበው ወደ ኪሳቸው ከተቱትና ምንም ሳይነኩ ከመኪናው ሥር ገቡ። ሲወጡም፣ «አቦ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የሚሰቀለው በምን ላይ ነው?» ብለው በመብራት እየጠቆሙ ሻሲውን፣ መኪናው የቆመበትን የብረት አጥንት፣ አሳዩኝ። የመሪው ሳጥን ከታሰረበት ቦታ ጀምሮ አንድ ጣት ያህል የሚረዝም ስንጥቅ አለ። እኔ ያየሁት ጭቃ መስሎኝ ነበር።

ስንጥቁን የጠገኑበት መንገድ በዓይኔ ስላየሁት በዝርዝር ልጻፈው። ብዙ ቦታ ስንጥቅ ሲገኝ ላዩን ጠርገው ይበይዱበታል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከብየዳው ጎን እንደገና ይከፈታል። እዚህ ግን ከሁሉ አስቀድመው ባትሪውን ፈቱ፣ ቀጥሎ የስንጥቁን ጫፍ በብሩሽና በናፍጣ አጽድተው ፈለጉ፤ ስንጥቁ ያቆመበት ነጥብ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በሱ፤ ምክንያቱም ስንጥቅ ሹል ጫፉ እስካለ ድረስ ስለሚሄድ ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ይቆማል። ከዚያም ስንጥቁን በሞላ በፍሌክስ (በብረት መቁረጫ ማሽን) ከፍተው እስከ ሥሩ በየዱት፤ በላዩም ጠፍጣፋ ብረት ደረቡ። የተደረበው ብረት አራት ማዕዘን ሳይሆን ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ቅጠል የሾሉ ነበሩ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ብየዳው ሻሲውን ቀጥ ብሎ ካቋረጠው ጉልበቱ ሁሉ በአንዲት መስመር ላይ ስለሚያርፍ ሻሲው እዚያው መስመር ላይ እንደሚቆረጥ አስረዱኝ። ለዚህ አንድ ሥራ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ባለፈው ሳምንት ራሴ ገብቼ አየሁት፤ ቀለሙ እንኳ አልተሰነጠቀም።

ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አውርደው ፈትተውታል። ይህ ሞተር ሲግል ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚሰነጠቅ በመሆኑ ድሬዳዋ ላይ ስለ ማቀዝቀዣው ያልተጨነቀ ሰው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ያወጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ሐረር ስንወጣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ብዙ ሳይርቅ 2,000 ሜትር ገደማ እንደርሳለን። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ናፍጣው ግን ፖምፓው በሚሰጠው መጠን ይገባል። ዳገቱ ላይ አሮጌ ፒካፖች ጥቁር ጭስ የሚተፉት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ጋራዡ ፖምፓውንና ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች በማሽን አስለክቶ የናፍጣውን መጠን ጥቂት ዝቅ አደረገው፤ የራዲያተሩን ውስጥ አስቀየረ፤ የማራገቢያውን ክላች ለወጠ። ቱርቦውን ግን አልሠራም ብለው በግልጽ እምቢ አሉኝ፤ ያለ ቱርቦ የተሠራ ፒስተን ከሚችለው በላይ ሙቀት ይቀበላል የሚል ነበር ምክንያታቸው። በዚያን ጊዜ ቅር ቢለኝም ዛሬ ደንገጎን በነሐሴም በግንቦትም ስወጣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሐል ስለማይነቃነቅ እምቢታቸውን አመሰግናለሁ።

አንድ ሌላ ነገር እዚሁ ላይ መጠቀስ አለበት። በቆላ ከተሞች ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣ ውኃውን የሚይዘውን መክፈቻ) አውጥቶ መጣል እንደ ጥበብ ይቆጠራል፤ የእኔም መኪና ሲገባ አልነበረውም። እሳቸው አዲስ አስገቡ። ሞተር ሳይሞቅ ሲነዳ ናፍጣው በሙሉ አይቃጠልም፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል፤ መክፈቻው በትክክል የሚሠራ ቴርሞስታት ደግሞ ውኃውን አያግድም። የታይሚንግ ቺንጋውንም (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማውን) ለውጠው የለወጡበትን ኪሎሜትር በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ጻፉልኝ፤ በየ100,000 ኪሎሜትሩ መለወጥ ያለበት ስለሆነ ቀጣዩ ባለቤት እንኳ ቢሆን ያነበዋል።

የቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ሥራቸው የተለየ ነው። አለቃው ሙያውን የተማሩት ከአንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ድሬዳዋ የብረት ሙያን ከወርክሾፑ ስትቀዳ የኖረች ከተማ መሆኗን እንዲህ ባሉ ሰዎች እጅ ላይ ማየት ይቻላል። ገበያ ላይ ያጣነውን የባሌስትራ ፒንና ቡሽ በራሳቸው ቶርኖ አውጥተው የግሪሲን ቀዳዳ ሳይቀር በሱለት። የፊት ፍሪ ዊሎቹን (የፊት ጎማዎቹን ከሞተሩ ጉልበት ጋር የሚያገናኙትንና የሚለዩትን መቆለፊያዎች) ፈትተው ኩሽኔታቸውንና ፓራዎሊዮአቸውን (የቅባት መከላከያ ጎማቸውን) ቀየሩ፤ አሁን በእጅ አዙሬ ስቆልፋቸው ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ይሰጣሉ።

ስለ ከፍታና ስለ ጎማ የተከራከርነው ግማሽ ቀን ያህል ነው። እኔ አሥር ሳንቲሜትር ከፍ ይበል አልኩ። እሳቸው ጠመኔ አንስተው በፓራፋንጎው (በጎማው የጭቃ መከላከያ) ላይ ሂሳቡን ጻፉልኝ፦ ባሌስትራ የሚያነሳው ሳጥኑንና ሻሲውን ነው፤ ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻል (በአክስሉ ላይ ያለው የማርሽ ቤት) የሚነሳው ግን በጎማ ብቻ ነው። የቀድሞው 205 አር 16 ጎማ 74 ሳንቲሜትር ያህል ቁመት አለው፤ 235/85 አር 16 ቢገባ 80 ከግማሽ ያህል ይሆናል፤ የልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ፣ ዲፈረንሻሉን ከፍ ያደርገዋል። ዋጋውም አለ፤ ጎማው በአንድ ዙር ከ8 በመቶ በላይ ርቀት ስለሚጨምር ማርሾቹ ሁሉ ይከብዳሉ፣ የፍጥነት መለኪያውም 80 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው ከ86 በላይ ነው። ባሌስትራው ከመጠን በላይ ከተነሳ ደግሞ የክሮቼራው (የጉልበት ማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያ) ማዕዘን ይበላሻል፣ የፍሬን ቱቦው ያጥራል፣ ደንገጎ ኩርባ ላይም መኪናው ያዘነብላል። በመጨረሻ ትልቁን ጎማ መረጥኩ፤ ባሌስትራው ግን የተዘረጋው ተመልሶ ከመጎበጡና አንድ ቅጠል ከመጨመሩ በቀር ከአራት ሳንቲሜትር አላለፈም። የሁለታችንም ሐሳብ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል፦ ወደ ኤረር በሚወስደው ድንጋያማ መንገድ ታቹ አልተመታም፤ ደንገጎ ላይ ግን ድሮ በሦስተኛ የምወጣውን አሁን በሁለተኛ ነው የምወጣው። ሙሉ ጭነት የሚጭን ሰው ይህን ጎማ እንዲያስገባ አልመክርም።

አሸዋ ላይ የጎማው ጥቅም ይበልጥ ይታያል። በበጋ ደረቅ ወንዝ ስገባ ነፋሱን ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ አወርዳለሁ፤ ጎማው ይሰፋና አሸዋውን ሳይቆፍር ይረግጠዋል። ወደ አስፋልት ስመለስ መልሼ መሙላት የግድ ስለሆነ ከባትሪ ጋር የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ይዤ እሄዳለሁ። ክረምት ሲመጣ ግን በደቻቱም ሆነ በሌላ ደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አላቆምም፤ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የወረደውን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ዝናብ እላይ ተራራው ላይ እንደሚዘንብ ያውቃል።

የሳጥኑን ላሜራ የሠራው ጋራዡ ራሱ አይደለም። አለቃው ወደ ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ወደሚሠራ አንድ ባትላሜራ (የመኪና ላሜራ ቀጥቃጭ) ላኩኝ፤ ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች ሲጠግን የኖረ ነው። የበሰበሰውን ወለል ቆርጦ አውጥቶ አዲስ ላሜራ ሲያስገባ የድሮውን ሸንተረር በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጠ እንደነበረው አወጣው፤ ስቱኮ (የላሜራ ጉድለት መሙያ) የቀባው ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ስቱኮ በወፍራሙ የተቀባበት ቦታ ማግኔት ስለማይዝ፣ ማግኔት ይዤ ሄጄ በየቦታው ሞክሬዋለሁ።

ቅሬታዎቼም አሉ። ሥራው በሦስት ወር ተኩል ያልቃል ተብሎ አምስት ወር ፈጅቷል፤ ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነው ዕቃ ቢሆንም ስልክ ደውሎ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። የኤሌክትሪክ ሥራቸው ከመካኒክ ሥራቸው ጋር አይመጣጠንም፦ የፊት ተጨማሪ መብራቶቹን ያለ ሪሌ (ከባዱን የኤሌክትሪክ ኃይል ከማብሪያው ይልቅ የሚሸከም መሣሪያ) እና ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከማብሪያው ጋር አገናኝተዋቸው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ማታ ከሐረር ስመለስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ቆሜ ባትሪውን ባልፈታ ኖሮ ሽቦው ሁሉ ይቀልጥ ነበር። በማግስቱ ወስጄው ያለ ክፍያ ከነሪሌው እንደገና ሠርተውታል፤ ቢሆንም ሞተርን እንዲህ የሚጠነቀቅ ጋራዥ በሽቦ ላይ ቸልተኛ መሆኑን አልወደድኩትም። የበሩ ጎማም በደንብ ስላልተገጠመ የሽንሌ አቧራ እስካሁን ይገባል።

የሻማ ማሞቂያዎቹን (ናፍጣ ሞተር ሲነሳ የሚያሞቁትን) ደግሞ እኔው ራሴ ከሌላ ሱቅ ገዝቼ ነበር ያመጣሁት፤ አስመሳይ ሆነው በሁለት ወር ውስጥ ሦስቱ ተቃጠሉ። አለቃው ሲገጥሙ ክብደታቸውን በእጃቸው መዝነው፣ «እነዚህ አይቆዩም» ብለውኝ ነበር።

ስለ ክፍያው፣ ከወጣው ገንዘብ ሦስት እጅ ሁለቱ ለዕቃ ነው፤ የእጅ ዋጋው በየደረጃው የሚከፈል ሲሆን እያንዳንዱ የተለወጠ አሮጌ ዕቃ በከረጢት ተሰጥቶኛል። መኪናው ከእድሳት በኋላ ቦሎ ሲያወጣ የሻሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ስለሚመሳከር፣ ሞተሩን በሌላ ከመተካት ያንኑ ማደሱ ያተረፈኝን ጣጣ በምርመራው ቀን አየሁት። ወደዚህ ጋራዥ መሄድ የሚፈልግ ሰው ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ይሂድ፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ስለሚበረታ ከባድ ሥራ አይጀምሩም። የኤሌክትሪኩን ሥራ ግን ለብቻው ለሌላ ባለሙያ ይስጥ።