10 በ6 ወይስ 11 በ5? ለ46 ሞተር የሚሆን ፕሮፔለር

ለሞዴል አውሮፕላናችሁ 46 የሚባለውን ባለ ሁለት ምት ሞተር (7.5 ሲሲ ገደማ ነው) ከገዛችሁ፣ በ10 በ6 እና በ11 በ5 ፕሮፔለር መካከል ማመንታታችሁ አይቀርም። የመጀመሪያው ቁጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው፤ በኢንች። ሁለተኛው ፒች ይባላል። ፕሮፔለሩ ሳይንሸራተት አንዴ ቢዞር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ማለት ነው።

ሁለቱም በደቂቃ 11,000 ጊዜ ዞሩ እንበል። በስሌት 10 በ6ቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ 11 በ5ቱ 84። ፍጥነት የሚወድ የመጀመሪያውን ይሰር።

ለጀማሪ ግን እኔ 11 በ5ን እመርጣለሁ። ዝግ ባለ ፍጥነት ጥሩ ጉልበት ስላለው ከሣር ሜዳ ቶሎ ይነሳል፣ ሽቅብ ሲወጣም አይደክምም። ለማረፍ ነዳጅ ስትቀንሱ ደግሞ እንደ ፍሬን ይይዝላችኋል። እጁ ገና ላልተፍታታ ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ችግሩ ርዝመቱ ነው። ጅራቱን አንሱና አውሮፕላኑን አግድም አድርጉት፤ ከዚያ ከፕሮፔለሩ ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። የቀረው ሁለት ጣት ብቻ ከሆነ ወደ 10 በ6 ተመለሱ። ጫፉ የተሰነጠቀ ፕሮፔለር ግን፣ የትኛውም ቢሆን፣ አደራ አታስነሱት።